ጭብጥ ግሥ ይፈልጋል
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ዓምዱን ሙሉ ለአንድ ጉዳይ ሰጥተነዋል፤ የሥነ ጽሑፍ ሥራን ስንተነትን ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጥርተን የምንጽፈው እንዴት ነው? ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል እንጂ ሐሳባቸውን አልነካንም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በአንድ አጭር ልብ ወለድ ትንታኔ ላይ «የታሪኩ ጭብጥ ውሸት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ «ይህ ርዕሰ ጉዳይ ነው» ብላ አሰመረችበት። «የውሸት አስከፊነት» ብዬ አስተካከልኩት፤ አሁንም አሰመረችበት። ልዩነቱ አልገባኝም።

መልስ፦ ርዕሰ ጉዳይ ታሪኩ የሚያነሳው ነገር ነው። ጭብጥ ደግሞ ታሪኩ ስለዚያ ነገር የሚለው ነው። «ውሸት» ብለሽ ስታቆሚ አንባቢሽ «ውሸት ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅሻል። «የውሸት አስከፊነት» ስትዪውም ጥያቄው እንደቆመ ነው፤ ሐረጉ ረዘመ እንጂ ግሥ አላገኘም። በአማርኛ ሐሳቡን የሚቋጨው መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግሥ ስለሆነ፣ ግሥ ከሌለ የተባለ ነገር የለም። የጻፍሽው በ«አስከፊነት»፣ በ«ጠቀሜታ»፣ በ«ኃይል»፣ በ«ክብር» የሚያልቅ ከሆነ የጻፍሽው ርዕስ ነው።

ግሥ ማስገባት ብቻውን ግን አያድንም። «ታሪኩ ስለ ውሸት ይናገራል»፣ «ደራሲው የውሸትን ጉዳት በስፋት ይዳስሳል» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ግሥ አላቸው፤ ግሡ የሚናገረው ግን ድርሰቱ ወይም ደራሲው ስላደረገው ነው። ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ሲዳስስ ምን እንዳገኘ ገና አልተጻፈም። የምንፈልገው ግሥ ሰዎች የሚያደርጉትን ወይም የሚደርስባቸውን የሚናገር ነው።

በምሳሌ እንየው። የሚከተለውን ታሪክ ለዚህ ዓምድ ብለን አዘጋጅተነዋል፤ በሌሎቹ ጥያቄዎችም እንመለስበታለን።

አባት ለሥራ ርቆ ሄዷል። እናት ማንበብ አትችልም፤ የአባትን ደብዳቤ የሚያነብላት ልጇ ነው። አንድ ቀን ልጁ የአባቱን ሞት ይሰማል። ለእናቱ አይነግራትም፤ በየወሩ ራሱ በአባቱ ስም እየጻፈ ያነብላታል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ግማሽ ገጽ ነበር። በዓመቱ አራት ገጽ ደረሰ፤ አባት ጫማውን ሲያስር ያፏጨው የነበረው ዜማ ሳይቀር ገባበት። በመጨረሻ ልጁ አላስችል ብሎት እውነቱን ሊነግራት ተቀመጠ። እናት ቀደመችው፦ «የመጀመሪያውን ስታነብልኝ ነው ያወቅሁት። አባትህ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።» ከዚያም በእጁ ወደያዘው ወረቀት እያየች «አንብብ እንጂ» አለችው።

መጀመሪያ ታሪኩ የሚያነሳቸውን ነገሮች በነጠላ ቃል ደርድሪ፦ ውሸት፣ ሐዘን፣ ናፍቆት፣ እናትነት፣ ዝምታ፣ ደብዳቤ። ከአምስት እስከ ስምንት ቃል ይበቃል። «ደብዳቤ» ዕቃ ነው፤ በማስረጃነት ያገለግልሻል እንጂ ርዕሰ ጉዳይ አይሆንም፤ ሰርዢው። «እናትነት» በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ግን የሚጋጨው ነገር የለም። ጭብጥ የሚገኘው ሁለት ነገሮች በሚፋተጉበት ቦታ ነው፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚፋተጉት ውሸትና ሐዘን ናቸው። ሁለቱን ክበቢያቸው።

ቀጥለሽ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጀምር ምን ያምን እንደነበረ፣ ሲጨርስ ምን እንዳወቀ በሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፊ። ይህን ደረጃ ብዙ ተማሪ ይዘለዋል፤ ደካማ የጭብጥ ዓረፍተ ነገር በብዛት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ልጁ ሲጀምር «እናቴን ከሐዘን እየከለልኳት ነው» ብሎ ያምናል። ሲጨርስ ሐዘኑ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ እሷ ዘንድ እንደነበረ ያውቃል። እንግዲህ ውሸቱ ሐዘኑን አላስቀረም። ታዲያ ያ ሁሉ ደብዳቤ ምን ሠራ? ግማሽ ገጹስ አራት ገጽ የደረሰው ለምንድን ነው? እናትን ለማታለል ግማሽ ገጽ ይበቃ ነበር። የተረፈው ሦስት ገጽ ተኩል የልጁ የራሱ ናፍቆት ነው። ሳያውቀው እየጻፈ ያለቅስ ነበር።

አሁን ዓረፍተ ነገሩን እንሞክር። በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ሦስት አራት ጊዜ መሰረዝ የሥራው አካል ነው።

«ውሸት መጋለጡ አይቀርም።» ግሥ አለው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ታሪኩ ግን መጋለጡ ላይ አላበቃም። «አንብብ እንጂ» የመጣው ከተጋለጠ በኋላ ነው፤ ይህ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻውን መስመር ውጭ ጥሎታል።

«ለሚወዱት ሰው መዋሸት ጥሩ ነው።» ይህ ፈቃድ መስጠት ነው። እናትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ ዓመት ሙሉ ለየብቻ ማዘናቸውን አላየም።

«ሰዎች የሚወዱትን ሰው ከሐዘን ለመከለል ሲዋሹ አብረው ሊያለቅሱት የሚችሉትን ለየብቻ ያለቅሱታል።» በጣም ተጠግተናል። የልጁንም የእናቱንም ዓመት ይዟል። አሁንም የጎደለው የመጨረሻው መስመር ነው፤ እናት ውሸት መሆኑን እያወቀች ለምን አንብብ አለችው?

«ሰዎች የሚወዱትን ሰው ከሐዘን ለመከለል የሚዋሹት ውሸት ሐዘኑን ባያስቀረውም፣ በአፍ ሊናገሩት ያልቻሉትን ናፍቆት የሚጋሩበት መንገድ ይሆናቸዋል።» 16 ቃላት ናቸው። መጀመሪያው፣ መዞሪያው፣ መጨረሻው ሁሉም ገብተውበታል። «ባያስቀረውም» የምትለዋን ቃል ልብ በያት፤ ታሪኩ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚል የምትነግረን እሷ ናት። በአማርኛ ይህን ሥራ የሚሠሩት «ቢ…ም»፣ «ካል… በቀር»፣ «እስከ… ድረስ»፣ «ሲ…» የሚሉት ቅጥያዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ዓረፍተ ነገር ብዙውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታውን ረስቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጭብጥን በተረትና ምሳሌ መግለጽ ለምን ነጥብ ያስቀንሳል? አባባሎቻችን እኮ ከማንኛውም ዓረፍተ ነገር የበለጠ የተጣሩ ናቸው።

መልስ፦ መጣራታቸው እውነት ነው። ችግሩ የተጣሩት በሌላ ቦታ መሆኑ ነው። ተረትና ምሳሌ ታሪኩ ከመጻፉ በፊት የነበረ ፍርድ ስለሆነ፣ ታሪኩን ያላነበበ ሰውም ሊናገረው ይችላል። ትንታኔ የሚጠይቀው ደግሞ ይህ ታሪክ ብቻ የሚለውን ነው።

ከላይ ባለው ታሪክ ላይ አንድ ተማሪ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብሎ ቢጽፍ መጀመሪያ ሲታይ ልክ ይመስላል፤ እውነቱ በመጨረሻ ወጥቷልና። ግን «እያደር» የምትለዋን ቃል ከታሪኩ ጋር እናስተያያት። ለእናት እውነቱ እያደር አልጠራም፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጠርቶላታል። እያደር የበዛው ውሸቱ ነው። ታሪኩ አባባሉን ገልብጦታል፤ ተማሪው ግን አባባሉን አምኖ ታሪኩን ዘለለው።

ሌላም አለ። ተረትና ምሳሌዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ደግሞ ይባላል። ሁለቱም በየቦታቸው እውነት ናቸው። አንዱን መርጦ መለጠፍ ታሪኩ በየትኛው ቦታ ላይ እንደቆመ አይነግረንም።

መጠቀም ከፈለግህ መነሻ አድርገው። አባባሉን ጻፈውና «ታሪኩ ይህን ያጸናል፣ ያሻሽላል ወይስ ይገለብጣል?» ብለህ ጠይቅ። ካሻሻለው ወይም ከገለበጠው ጭብጥህ እዚያ ልዩነት ውስጥ አለ። ካጸናው ደግሞ በምን ሁኔታ እንዳጸናው ጨምርበት።

በ«አለበት»፣ በ«ይገባል»፣ በ«አይገባም» የሚያልቁ ዓረፍተ ነገሮችም ከዚሁ ወገን ናቸው። «ሰው መዋሸት የለበትም» ምክር ነው። በተረት መጨረሻ ላይ ለልጆች የሚነገረው ትምህርት በዚህ መልክ ይመጣል፤ እዚያ ቦታው ነው። ልብ ወለድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚሆን ያሳያል እንጂ ምን አድርጉ አይልም። «አለበት»ን ሰርዘህ «ሲያደርግ ምን ይሆናል?» ለሚለው መልስ ስጥ፤ ብዙውን ጊዜ ጭብጡ እዚያው ይገኛል።

ጥያቄ፦ የንባብ ቡድናችን በሁለት ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን ጭብጥ እንደ ቅኔ ወርቅ አንድ ነው፤ ተፈልጎ የሚገኝ ነው እንላለን። ሌሎቹ እያንዳንዱ አንባቢ የተሰማው ነው ይላሉ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ የቅኔው ንጽጽር ጥሩ መነሻ ነው፤ ልዩነቱን ስናይ መልሱ ይገኛል። በሰምና ወርቅ ወርቁ የተሰወረው ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱንም ትርጉም የሚሸከመው ቃል ውስጥ ነው። ኅብረ ቃሉን ካገኙት ቃሉ ራሱ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ፈቺው ከዚያ ውጭ መሄድ አያስፈልገውም። ልብ ወለድ ኅብረ ቃል የለውም። ጭብጡ በአንድ ቃል ውስጥ አልተቆለፈም፤ በድርጊቶች፣ በንግግሮች፣ በዝምታዎች ላይ ተበትኖ ነው ያለው። አንባቢው ሰብስቦ ያቆመዋል እንጂ ፈልቅቆ አያወጣውም። ስለዚህ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ጭብጥ ሊኖር ይችላል። የተሰማን ሁሉ ግን ጭብጥ አይሆንም፤ የሚያቆመው ድርጊት ከሌለ ይወድቃል።

የደብዳቤውን ታሪክ ከእናት በኩል ላየው ሰው ሌላ ዓረፍተ ነገር ይወጣል፦ «አውቆ ዝም ማለት፣ የሚወዱት ሰው ሐዘኑን በራሱ ጊዜ እስኪናገር ድረስ የመጠበቂያ መንገድ ይሆናል።» የመጀመሪያዋ ደብዳቤ፣ የዓመቱ ዝምታና የመጨረሻው ቃሏ ይህን ይደግፋሉ። ከመጀመሪያው የተለየ ነው፤ አይጣላውም።

አሁን ይህን እዩ፦ «አለመማር ሰውን ለመታለል ያጋልጣል።» ማንበብ አለመቻሏ በታሪኩ ውስጥ ስላለ የሚያሳምን ይመስላል። ግን እናት ማንበብ ሳትችል፣ ሲነበብላት በመስማት ብቻ ነው ውሸቱን ያወቀችው። ታሪኩ ይህን ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ያፈርሰዋል። ይህን ያለው አንባቢ የተሰማውን ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ግን አላለውም።

ለቡድናችሁ ውይይት ሦስት መፈተኛ ብንሰጣችሁ ክርክሩ ፍሬ ያፈራል። መጨረሻውን ይሸከማል? ዓረፍተ ነገሩን ከመጨረሻው ገጽ ጎን አስቀምጡት። ሊያፈርሰው የሚችለው ትዕይንት የቱ ነው? ይህን የሚፈልገው ዓረፍተ ነገሩን ያቀረበው ሰው ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ ካገኘው ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክላል እንጂ ትዕይንቱን አይደብቅም። ሦስተኛው፣ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ወስደን ከዚህ ቀደም ባነበብናቸው ሦስት መጻሕፍት ላይ ብንለጥፈው ይለጠፋል? ለሁሉም ከገጠመ ገና አልጠበበም። «ፍቅር ሁሉን ያሸንፋል» የሚለው በዚህ ሦስተኛው ፈተና ይወድቃል፤ ስህተት ስለሆነ አይደለም፤ የማንም መጽሐፍ ስላልሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ባነበብኩት ታሪክ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ያላወቁት ነገር አይጎዳም» ይላሉ። በጣም ግልጽ ሐሳብ ነው። እንዳለ ገልብጬ ጭብጥ ብለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ገጸ ባሕርይ የሚናገረው የገጸ ባሕርዩን እምነት ነው። ታሪኩ ከእሱ ጋር ይስማማ አይስማማ የሚታወቀው ከንግግሩ በኋላ በሚሆነው ነገር ነው። ያንኑ አባባል ወደ ደብዳቤው ታሪክ ወስደህ ጎረቤት ለልጁ ሲመክር በመሐል ላይ አስገባው። ከዚያ እናት ቀድማ እንዳወቀችና ዓመቱን ሙሉ ብቻዋን እንደተጎዳች ይገለጣል። ጎረቤቱ የተናገረው ነገር ፈረሰ። እንዲህ ሲሆን ንግግሩ ጭብጥ ሳይሆን የምጸት መሣሪያ ነው፤ ደራሲው እንዲፈርስ ነው ያስቀመጠው።

የዕድሜ ባለጸጋ፣ መምህር ወይም የሃይማኖት አባት ሲናገር አንባቢ ቶሎ ያምናል፤ ተራኪው ራሱ «እኔ» እያለ ሲያወራም እንደዚሁ። ስለዚህ ሦስት ነገር አረጋግጥ፦ ማን ተናገረው፣ ሲናገር ምን ፈልጎ ነበር፣ የታሪኩ ጡዘት ላይ ቃሉ ቆመ ወይስ ወደቀ። ከቆመ እንኳ ቃል በቃል አትገልብጠው፤ በራስህ ቃል ጽፈህ ንግግሩን በማስረጃነት ጥቀሰው።

ጥያቄ፦ አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። የጭብጥ ዓረፍተ ነገር ስንት ቃል ይሁን? የገጸ ባሕርይ ስም ይገባበታል? «ደራሲው» ማለት ይቻላል? የት ቦታ ላይ ይጻፍ?

መልስ፦ ከ10 እስከ 25 ቃል ባለው መሐል ይበቃል። ከ10 ካነሰ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ሁኔታው ቀርቷል፤ ከ25 ከበለጠ ሁለት ጭብጥ ተጣብቋል ወይም ታሪኩ እየተተረከ ነው።

የገጸ ባሕርይ ስም አይግባ። «ልጁ እናቱን ሲዋሽ…» ካሉ የታሪኩን ማጠቃለያ እየጻፉ ነው። «ሰዎች»፣ «ወላጆች»፣ «ሐዘን የደረሰበት ሰው» ማለት ይቻላል። ግን ከሚገባው በላይ አያስፉት፤ ታሪኩ ስለ ስደተኞች ከሆነ «የሰው ልጅ ሁሉ» ማለት ማስረጃ የሌለው ድፍረት ነው። «ሁልጊዜ»፣ «ማንም»፣ «በፍጹም» የሚሉትም እንደዚሁ፤ አንድ ታሪክ «ሁልጊዜ»ን ማስረዳት አይችልም።

«ደራሲው… ያሳያል» ማለት በራሱ ስህተት አይደለም፤ «ምን» የሚለው ከተሞላ። «ደራሲው ውሸት ሐዘንን እንደማያስቀር ያሳያል» ይሄዳል። ቦታው የመግቢያው አንቀጽ መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል፤ አንባቢ የሚቀጥለውን ሁሉ በእሱ እየለካ ያነባልና።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ስልሳ ወረቀት ሳርም ሃምሳው «ጭብጡ የፍቅር ኃይል ነው»፣ «የድህነት አስከፊነት ነው» ይላል። ምን ብዬ ላስተምራቸው?

መልስ፦ ስልሳ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከመጣ ምንጩ አንድ ነው። ጭብጦች ሲማሩ ዝርዝር ከተሰጣቸው፣ «ፍቅር፣ ድህነት፣ ክህደት፣ ጀግንነት…» ተብሎ፣ ተማሪዎች ታሪኩን አንብበው ከዝርዝሩ ይመርጣሉ። ምርጫ ጥያቄ የሚሠሩ ይመስላቸዋል። እባክዎ ዝርዝሩን ያንሱላቸው፤ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው።

በምትኩ በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይህን ይሞክሩ። ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ታሪክ ያንብቡላቸው፤ 7 ደቂቃ ይውሰድ። ቀጥሎ በ8 ደቂቃ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሲጀምር ምን ያምን ነበር፣ ሲጨርስ ምን አወቀ። «ጭብጥ» የሚለውን ቃል እስካሁን አያንሱት። ከዚያ 10 ደቂቃ ይስጧቸውና የሰውየውን ስም አውጥተው «ሰዎች» በማስገባት ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ወደ አንድ ያምጧቸው። የመጀመሪያው ንድፍ ሻካራ ነው፤ ይሁን። በቀሪው 15 ደቂቃ ጎን ለጎን የተቀመጡት ወረቀት ይለዋወጡ። የአንባቢው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያፈርስ ትዕይንት ከታሪኩ መፈለግ። ካገኘ ጸሐፊው «ቢ…ም» ወይም «ካል… በቀር» ጨምሮ ያስተካክላል። «ሲ… ብቻ» በብዛት የሚጨመረው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ተማሪው ሰዋስው ሳይነገረው የቅድመ ሁኔታን ጥቅም በራሱ እጅ ያገኘዋል።

የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። ስሙን በ«ሰዎች» ሲተኩ ድርጊቱን ሳይተኩ ይቀራሉ፤ «ሰዎች በአባታቸው ስም ደብዳቤ ሲጽፉ…» የሚል ይመጣል። ስም ብቻ ሳይሆን ድርጊቱም አንድ ደረጃ መስፋት አለበት፦ ደብዳቤ መጻፍ ማስመሰል ይሆናል፤ ማስመሰል ደግሞ ሐዘንን መደበቅ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሰፋ «ሕይወት» ይሆንና ይተናል። ድርጊቱን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ያስፉት እንጂ ከዚያ አያሳልፉት።

ሲያርሙ ረጅም አስተያየት መጻፍ አይጠበቅብዎትም። በኅዳጉ ላይ አራት ፊደል ይበቃል፤ ትርጉሙን አስቀድመው ይንገሯቸው፦ «ግ» ግሥ የለም፣ «ም» ምክር ነው፣ «ሰ» በጣም ሰፊ ነው፣ «መ» መጨረሻውን አልያዘም። ተማሪው የትኛው ፊደል እንደሚደጋገምበት ሲያይ ችግሩን ራሱ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ግጥምስ? ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ታሪክ የለውም፤ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ገጸ ባሕርይ ባይኖረውም የሚናገር ድምፅ አለው። ያ ድምፅ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ይዞራል፦ ከምሬት ወደ መቀበል፣ ከጥያቄ ወደ ትእዛዝ፣ ከ«እኔ» ወደ «እኛ»። መዞሪያውን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የግሦቹን ጊዜና ባለቤት ማስመር ነው። «ነበር» እያለ የመጣ ግጥም ድንገት «ይሆናል» ካለ፣ «አንቺ» ሲል የነበረ «እሷ» ካለ፣ እዚያ ነገር አለ። እንደ ታሪኩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ድምፁ ከመዞሩ በፊት ምን ይላል፣ ከዞረ በኋላ ምን ይላል። የሚደጋገም ምስል ካለም መጀመሪያ ሲመጣና መጨረሻ ሲመጣ ትርጉሙ አንድ መሆኑን እይ፤ ተለውጦ ከሆነ የለወጠው ነገር ወደ ጭብጡ ይመራሻል።

ጥቂት ግጥሞች አይዞሩም፤ አንዱን ስሜት እያጠበቁ ይሄዳሉ። ለእነሱ «ምን ተለወጠ?» ሳይሆን «ምን አልለወጥ አለ፤ ለምን?» ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ የጭብጥ ዓረፍተ ነገሬን መምህሩ ወደደው። ትንታኔው ግን «ትረካ ሆነ» ተብሎ ተመለሰ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይዤ ለምን እንዲህ ሆነ?

መልስ፦ ዓረፍተ ነገሩን መግቢያው ላይ አስቀምጠህ ትተኸው ስለሄድክ ሊሆን ይችላል። ትንታኔው የታሪኩን ቅደም ተከተል ከተከተለ ትረካ መሆኑ አይቀርም። መከተል ያለበት የዓረፍተ ነገሩን ክፍሎች ነው።

ቀደም ብለን ያገኘነውን የ16 ቃል ዓረፍተ ነገር እንክፈለው። «ሰዎች የሚወዱትን ሰው ከሐዘን ለመከለል የሚዋሹት ውሸት» አንድ አንቀጽ ነው፤ ልጁ ለምን እንደደበቀ፣ ውሸቱ ከፍቅር እንጂ ከጥቅም እንዳልመጣ እዚያ ይረጋገጣል። «ሐዘኑን ባያስቀረውም» ሁለተኛው አንቀጽ ነው፤ ማስረጃው «የመጀመሪያውን ስታነብልኝ ነው ያወቅሁት» የሚለው ንግግር ነው፤ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ቢገኝም በትንታኔው መሐል ላይ ይመጣል። «በአፍ ሊናገሩት ያልቻሉትን ናፍቆት የሚጋሩበት መንገድ ይሆናቸዋል» ሦስተኛውና ረጅሙ ነው፤ ከግማሽ ገጽ ወደ አራት ገጽ ያደገው ደብዳቤ፣ የፉጨቱ ዜማ፣ «አንብብ እንጂ» ሁሉም እዚህ ይሰበሰባሉ። የታሪኩ ቅደም ተከተል ፈርሶ የክርክሩ ቅደም ተከተል ቆመ ማለት ነው።

በእያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ ለጠቀስከው አንድ መስመር ቢያንስ ሁለት ሦስት መስመር ማብራሪያ ስጥ። ማብራሪያ ሲባል የተጠቀሰውን በሌላ ቃል መድገም አይደለም። «አባትህ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም» ብለህ ከጠቀስክ በኋላ «ይህ የሚያሳየው አባቱ በስሟ እንደማይጠራት ነው» ካልክ አልተንቀሳቀስክም። ልጁ እናቱን በስሟ ያስጠራት አባቱ እንዴት እንደሚጠራት ስላላወቀ ነው፤ በባልና ሚስት መሐል የነበረውን ነገር አልደረሰበትም። ውሸቱን ያፈረሰውም ይህ ነው፤ ስለ አባቱ ሞት የሚያውቀውን ደበቀ፣ ስለ አባቱ ሕይወት የማያውቀውን ግን መደበቅ አልቻለም። ማብራሪያ ማለት ከተጠቀሰው መስመር እንዲህ ወዳለ ነገር መድረስ ነው።

ስትጽፍ ከሦስቱ ክፍሎች ለአንዱ ማስረጃ ካጣህ ማስረጃውን አትጎትት። ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሰህ ያንን ክፍል ቁረጠው ወይም አስተካክለው፤ ከዚያ መግቢያህን እንደገና ጻፍ።